ባንቺዓየሁና የኮሶ ምንጭ ግዝት

ባንቺዓየሁ መሞቷን በስልክ የነገረኝ የአጎቴ ልጅ ነው። «ኮሶ ምንጭ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች፤ ወደ ማርቆስ ይዘዋት ሲመጡ መንገድ ላይ አረፈች» አለኝ። እሪ ልል አፌን ስከፍት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላ ነገር ጨመረ። «ሰዉ ሁሉ የበላት ግዝቱ ነው እያለ ነው፣ የሺ።»

በለቅሶ ፈንታ ንዴት መጣብኝ። በወዳጅ ሞት መናደድ ደግ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ባንቺዓየሁ በሕይወት ሳለች ከሞት አብልጣ የምትፈራው ይህንኑ ወሬ ነበር። «እኔ ብሞት ግዝቱ ነው ይላሉ። ግዝቱ ነው ካሉ ደግሞ ማንም ሰው ማጭድ ይዞ ወደዚያ አጥር አይገባም፤ ምንጩም አለቀለት ማለት ነው» ትለኝ ነበር። ያልሽው አልቀረም፣ እህቴ። ልጅቱን የገደላት ምን እንደሆነ የምናውቀው እናቷና እኔ ብቻ ነበርን፤ እናቷ ደግሞ ለማንም እንዳልናገር በማርያም ይዘውኛል።

ጥቁር ልብሴን በፌስታል ጠቅልዬ ወደ ማርቆስ መናኸሪያ ስሮጥ በጭንቅላቴ የሚመላለሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ልናገር ወይስ ዝም ልበል?

ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጣ ያለች አንዲት ቀበሌ ውስጥ ነው አብረን ያደግነው። ብርዷ አጥንት የሚሰብር፣ ገብስና ድንች የሚበቅልባት አገር ናት፤ ወይም ነበረች ልበል። አባቶቻችን ልጆች ሳሉ ውርጭ ይመታዋል ተብሎ የማይታረሰው ዳገት ዛሬ ይታረሳል። ውርጩ ወደ ላይ ሸሸ፣ ሞፈሩም ተከተለው። ሰው ይህን እንደ በረከት ነው ያየው፤ መሬት ተጨመረለታ! ባንቺዓየሁን ግን ገና በልጅነቷ ያስፈራት ነበር። ሽማግሌ ባየች ቁጥር የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበራት። «እኔ እንደርስዎ ሳረጅ ውኃ ከየት ነው የምጠጣው?» ትላለች፣ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠመጠመች። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይቆጣል። «ገና ሳታገቢ ስለ እርጅና ታወሪያለሽ?» ብለው ያባረሯት አዛውንትም አሉ። እሷ ግን ሰው ፈርታ አታውቅም፤ ተባርራ ስትሄድ ቀጥሎ ወዳለው ሽማግሌ ነው የምትሄደው።

ቀጭን ነበረች፣ አንገቷ መዘዝ ያለ። ዳገት ስንወጣ አንድ ልማድ ነበራት። መሀል ላይ ድንገት ቆም ትልና «እዩ፣ እዩ፣ ያችን ወፍ!» ትላለች። ዞር ብለን ዛፍ ለዛፍ ስንፈልግ እሷ ወገቧን ይዛ ትቆማለች። ያለችውን ወፍ አንድም ቀን አይተን አናውቅም። «ወፏ» የሚል ቅጽል ስም አወጣንላት፤ በስሙም ትስቅ ነበር። ትንፋሽ አጥሯት እንደነበር የገባኝ ካደግን በኋላ ነው።

ስምንተኛ ክፍል ሳለን የትምህርት ቤታችን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ከኮሶ ምንጭ በላይ ያለውን ዳገት በእሾህ አጠረ። ምንጩ የሚወጣው ከኮሶ ዛፎች ሥር ነው፤ ቀበሌውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም የሚጠጣው ከዚያ ነው። አጥሩን ግን ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት። ጧት ጧት ስንሄድ አዲስ ጉቶ ይጠብቀናል። አንዱ ለማገዶ፣ አንዱ ለቤት መሥሪያ ቆርጦ ይሄዳል። የክበቡ መምህር ለቀበሌ አመለከተ፣ ቀበሌው «እንመለከተዋለን» አለ፣ ነገሩ እዚያው ቀረ።

ባንቺዓየሁ ለማንም ሳትነግር ወደ የኔታ ጥበቡ ሄደች። የኔታ የደብራችን ቄስና የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ቃላቸው የሚፈራ፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው። እኔ ከኋላዋ ተከትያት ስለነበር የተባባሉትን ሰምቻለሁ።

«የኔታ፣ ይገዝቱልን» አለቻቸው።

«ማንን ነው የምታስገዝቺኝ?»

«ማንንም አይደለም። መጥረቢያን።»

የኔታ ሳቁ። «መጥረቢያ ነፍስ የለውም፣ ልጄ።»

«የያዘው ሰው ግን ነፍስ አለው» አለች።

ሳቃቸውን አቆሙና አዩዋት። በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ፣ ሕዝቡ ገና ሳይበተን፣ የኔታ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙና ከኮሶ ምንጭ አጥር ውስጥ መጥረቢያ ይዞ የገባ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም የተገዘተ ይሁን አሉ። ከዚያች ቀን ወዲያ ጉቶ አላየንም። ቀበሌ ያልቻለውን አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ በአንድ ሳምንት ጨረሰችው። እኛም ደረታችንን ነፍተን ሰነበትን።

የተሳሳትነው ከዚህ በኋላ ነው። ዳገቱ ላይ ምን እንትከል ሲባል መምህሩ ኮሶና አምጃን የመሰለ የአገሩ ዛፍ ይሁን አለ። ባንቺዓየሁ ግን ባሕር ዛፍ ካልሆነ ብላ ድርቅ አለች። «ኮሶ እስኪያድግ ማን ይጠብቃል? ቶሎ የሚያድግ ነገር እንትከል። ሲያድግ ማየት እፈልጋለሁ» አለች። «ምን አስቸኮለሽ፣ ልታገቢ ነው እንዴ?» ብለን አሾፍንባት። እሷም ከእኛ ጋር ሳቀች። የባሕር ዛፍ ችግኝ እንደ ጎመን በየጓሮው ስለነበረ ከየቤታችን ተሸክመን ወስደን ክፍት ቦታውን ሁሉ ሞላነው።

ዛፉም አላሳፈረንም፤ ተመዘዘ። ባንቺዓየሁ ደብረ ማርቆስ መምህርነት ተምራ ወደ ቀበሌያችን ስትመለስና ሳይንስ ማስተማር ስትጀምር ዳገቱ ከሩቅ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይታይ ነበር። እንግዳ መጥቶ ፎቶ ያነሣዋል። ምንጩ ግን እየከሳ ሄደ። ከጥር በኋላ ከቧንቧው የሚወርደው ውኃ እንደ ክር ይቀጥናል። ጀሪካን ከጀሪካን ጀርባ ይሰለፋል፣ ሴቶች በተራ ይጣላሉ። አንድ ቀን ተማሪዎቿ ገሚሱ ወረፋ ላይ ስለቀሩባት የቀሩትን ይዛ ምንጩ ድረስ ወረደችና እዚያው ድንጋይ ላይ አስቀምጣ አስተማረቻቸው።

ሰው ሁሉ የሚያማርረው ዝናቡን ነበር። ዝናቡም በእርግጥ ልማዱን ትቷል፤ ዘግይቶ ይመጣል፣ ሲመጣም አፈሩን ይዞ ይሄዳል። ባንቺዓየሁ ግን በዝናቡ ማሳበብ አልሆነላትም። «ዝናቡን እኔ አልመልሰውም። ዛፉን ግን የተከልሁት እኔ ነኝ። ምንጩ አናት ላይ አቁሜ ውኃውን የማስመጥጠው እኔ ነኝ» አለችኝ። ባሕር ዛፉ መቆረጥ ነበረበት። ማን ይቁረጠው? መጥረቢያ ይዞ የገባ የተገዘተ ነው። አጥሩን ራሷ ቆልፋ ቁልፉን የኔታ እጅ ላይ ያኖረች ያህል ነው።

የኔታ ደግሞ ታመሙ። አልጋ ላይ ከዋሉ ሰንብተው ነበር። ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ያሰረው ነው የሚፈታው። የኔታ ሳይፈቱት ካለፉ ግዝቱ እንደታሰረ ይቀራል። እኔ ለበዓል አገር ቤት ገብቼ ስለነበር እጄን ጎትታ ይዛኝ ሄደች።

ስንገባ ሁለት ቄሶችና አቶ ይበልጣል አጠገባቸው ተቀምጠዋል። አቶ ይበልጣል የእድሩ ሊቀ መንበር ነው፤ የባንቺዓየሁ እናት ጎረቤትና እኩያ። የኔታ ዐይናቸው ቢደክምም ድምፅ ይለያሉ።

«መጥረቢያ ያስገዘተችኝ ልጅ ናት?»

«አዎ፣ የኔታ። ዛሬ ደግሞ ይፍቱልኝ ልል ነው የመጣሁ።»

ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው። የዛፉን ዓይነት የመረጠችው እሷ መሆኗንም አልደበቀችም። የኔታ ዐይናቸውን ጨፈኑ። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ነበር።

«ብፈታውስ?» አሉ በመጨረሻ። «መጥረቢያው ባሕር ዛፉን ብቻ መርጦ ይመታል? ገበሬው አጠና ሊሸጥ እጁን እያፍተለተለ ነው። ግዝቱ በተነሣ በማግሥቱ ኮሶውም ይወርዳል።»

እውነታቸውን ነበር።

«እኔ እጠብቀዋለሁ» አለች።

«አንቺ?» አሉና ሳል ያዛቸው። ሳሉ አልቆም አለ። ከቄሶቹ አንዱ ትከሻቸውን ደገፍ አድርጎ «የኔታ፣ ያሰሩት እርስዎ ነዎት፤ ለኛ ትተውት አይሂዱ» አላቸው። ባንቺዓየሁን አየኋት። ዐይኗን ከየኔታ ከንፈር ላይ አልነቀለችም፤ የነጠላዋን ጫፍ ጠምጥማ ጠምጥማ ጣቷ ነጭ ሆኗል። በዚያች ቅጽበት የኔታ ትንፋሻቸው ቢቆም የቀበሌው ውኃ አብሮ ይቆማል።

«አንሡኝ» አሉ። ደግፈው አስቀመጧቸው። መስቀላቸውን ያዙ። «ከባሕር ዛፉ ላይ ግዝቱን አንሥቻለሁ። ኮሶውና ሌላው የአገሩ ዛፍ እንደተገዘተ ነው። የሚቆረጠውንና የማይቆረጠውን የምትለዪው አንቺ ነሽ። ከአገሩ ዛፍ አንዱ ቢጎዳ ግን ግዝቱ በሌላ ሰው አይደለም። በራስሽ ነው።»

«በራሴ ይሁን» አለች።

ወጥተን ሳናበቃ «ምነው ሳታስቢ መለስሽ?» አልኋት። «አስቤበታለሁ» አለችና ሄዳ ኖራ በጠበጠች። የኔታም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። ከተናገሩት ሁሉ ሕዝቡ ጆሮ ውስጥ የቀረችው ግን የመጨረሻዋ ቃል ናት። በራስሽ ነው።

የሚቆረጡትን ባሕር ዛፎች በሙሉ በኖራ ምልክት አደረገችባቸው። በተቀጠረው ቀን ወንዶቹ መጥረቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው መጡና አጥሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። አንዱ አንዱን ያያል። የኔታ ፈትተዋል፤ ቢሆንም ለዓመታት ሲፈሩት የኖሩትን መስመር ቀድሞ የሚሻገር ታጣ። ባንቺዓየሁ ከአቶ ይበልጣል ትከሻ ላይ መጥረቢያውን ወሰደችና ገባች። በእኛ አገር ሴት ዛፍ አትጥልም፤ እንዴት እንደሚመታም አታውቀውም። መጥረቢያው ነጥሮ እጇን ሊሰብራት ምንም አልቀረው። አንዱ ሳቀ። ሳቁ ፍርሃቱን ፈታውና «ኧረ አምጪ፣ እግርሽን ትቆርጪያለሽ!» እያሉ ተግተልትለው ገቡ።

እስከ ቀትር ድረስ ሥራው እንደ ሠርግ ነበር። ከዚያ ነፋስ ተነሣ። አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ሊወድቅ ሲል ዞረና እንዲወድቅ በታሰበበት ሳይሆን በአሮጌው ኮሶ ላይ ወደቀ። ኮሶው ከመሀሉ ተሰነጠቀ። መጥረቢያው ሁሉ በአንዴ ዝም አለ። ዛፉን ይቆርጥ የነበረው ሰው ተንበርክኮ ያማትብ ጀመር። ማንም ማንንም አያይም፤ ሁሉም የሚያየው እሷን ነው።

ሄዳ የተሰነጠቀውን ግንድ በእጇ ዳሰሰች። «በማንም አይደለም» አለች ጮክ ብላ። «በራሷ ነው ተብሏል፣ ሁላችሁም ሰምታችኋል። እኔው ተሸክሜዋለሁ። ነፋሱ ሳይብስ ጨርሱ።» ከዚያ ገመድ ጠይቃ፣ ግንዱን ታስር ይመስል፣ ኮሶው ሥር ቁጭ አለች። ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ገመዱን አንዴ ታጠብቃለች፣ አንዴ ትፈታለች። መነሣት እንዳቃታት ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሕመሟን ያወቅሁት ማርቆስ ስትማር ነው። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ሲያማት ሳትታከም ቀርታ በሽታው ወደ ልቧ ወርዷል፤ የልቧ በሮች ተበላሽተዋል። በየወሩ መርፌ ትወጋለች፤ መድኃኒት ትውጣለች፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል ተብላ ተራ ትጠብቃለች። ይህን ሁሉ ከቤተሰቧ የሚያውቁት እናቷ እማማ ጥሩነሽ ብቻ ናቸው። እሳቸውም አፏን በደንብ አድርገው ዘግተውታል። የልብ ሕመም አለባት ከተባለ ማን ያገባታል? በእሷም አያበቃም፤ «የዘር ነው» ተብሎ ታናሽ እህቷ ማስተዋልም ቆማ ትቀራለች።

ኮሶው ከተሰነጠቀ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ከፋ። ሰዉ ይጠብቃት ጀመር። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ግዝት የተሸከመ ሰው ምን እንደሚሆን ማየት ፈልጎ ነው። ብታስነጥስ «እህ» ይላል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ብትቀር ሴቶቹ «ጀመራት» ይባባላሉ። ባንቺዓየሁ መታመም የተከለከለች ሰው ሆነች። ስለዚህ የምትታመመው እኔ ዘንድ መጥታ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የተከራየኋት ክፍል በር ላይ ትቆምና «የሺዬ፣ ዛሬ ልታመም መጣሁ» ትለኛለች፣ እየሳቀች። ገብታ አልጋዬ ላይ ትወድቃለች። ትራስ በትራስ ላይ ደራርቤ አስደግፋታለሁ፤ ተጋድማ መተንፈስ አትችልም። እሑድ ጧት ፊቷን ታጥባ፣ ቫዝሊን ተቀብታ፣ ከሚኒባሱ ወርዳ በሰዉ መሀል ቀጥ ብላ ለመሄድ ወደ አገሯ ትመለሳለች።

እንዲህ ሆና ነው እንግዲህ በየዓመቱ ዳገቱን የምትወጣው። የተቆረጠ ባሕር ዛፍ አይሞትም፤ ከጉቶው ሥር ያቆጠቁጣል። በየዓመቱ እየገቡ ካልመነጠሩት በሦስት አራት ዓመት ተመልሶ ጫካ ይሆናል። አዋቂዎቹ አንዴ ቆርጠው አጠናቸውን ከሸጡ በኋላ ላቆጠቆጠው ማን ይመለሳል! በዚያ ላይ የተሰነጠቀው ኮሶ እዚያ ቆሞ ያያቸዋል። የምትገባው እሷና ተማሪዎቿ ብቻ ነበሩ፣ ማጭድ ይዘው። ውኃው ግን ተመለሰ። እንደ ድሮው ሆነ ብዬ አልዋሽም፤ በበጋም ጀሪካን የሚሞላ፣ ሴቶቹ ሳይጣሉ የሚቀዱት ውኃ ሆነ።

«አንቺ ለማታረጂው ምን አንገበገበሽ?» አልኋት አንድ ቀን፣ ትንፋሿ ሲያስጨንቀኝ፣ ንዴቴን መቆጣጠር አቅቶኝ። እንደዚያ ብዬ መናገሬ ነውር ነበር። እሷ ግን አልተቆጣችም።

«የክፍሌን ልጆች አይተሻቸዋል?» አለችኝ። «እነዚያ ሁሉ እኮ ያረጃሉ።» ይህን ስትል ፊቷ እንደ ሕፃን ይስቅ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ነው ቅዳሴ ሲያበቃ ቆማ ሕመሟን ለሕዝቡ ልትናገር የወሰነችው። «ስሞት በምን እንደሞትሁ ቀድመው ይወቁት» አለች። እማማ ጥሩነሽ ሰሙና ማርቆስ ድረስ መጡ። ክፍሌ ውስጥ፣ በፊቴ፣ ደረታቸውን ይዘው «በጠባሽው ጡት ይዤሻለሁ። ለማስተዋል ሽማግሌ ሊላክ ነው። እህትሽን አትግደይብኝ» አሏት። ወደ እኔም ዞረው «አንቺንም በማርያም» አሉ። ባንቺዓየሁ ሽቅብ ጣሪያውን አየችና «እሺ እማዬ» አለች። አንደኛውን ቃል የኔታ ጫኑባት፣ ሁለተኛውን እናቷ። ሁለቱንም ይዛ ኖረች። እኔ ብሆን አንዱን እንኳ አልችለውም ነበር፤ ስለዚህ ነው የማልረሳት።

ቀበሌው ስደርስ ቀብሩ አልፎ ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። እማማ ጥሩነሽ መሬት ላይ ናቸው፤ ማስተዋል አጠገባቸው። ፊት ለፊት፣ ከወንዶቹ ጋር፣ ማስተዋልን ለልጃቸው የጠየቁት አዛውንት ከሁለት ዘመዶቻቸው ጋር ተቀምጠዋል። ማልቀሱ ከዘመዶቿ በቀር በሌላው ዘንድ ቀዝቅዟል። ሹክሹክታ ነው ያለው። «ኮሶው ሥር ነው የወደቀችው አሉ።» «ማጭዱ እጇ ላይ ነበር።» «የኔታ ተናግረዋል እኮ፣ በራሷ ነው ብለዋል።» ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥሁ። ደጋግሜ እማማ ጥሩነሽን አያለሁ፤ እሳቸው ግን ወደኔ ቀና አይሉም።

አቶ ይበልጣል ተነሣ። ሁለት ቀን ያልተኛ ሰው ዐይን ነበረው።

«ወገኖቼ፣ ኀዘን ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማንሣት ደግ አይደለም። ግን ልጆች አሉን። ልጄ ሙሉቀን ከእሷ ጋር ሲመነጥር ነበር። የእናንተም ልጆች ነበሩ። ከዚያን ሰዓት ጀምሮ ልጄ እህል አልቀመሰም፤ ግድግዳውን ተደግፎ እኔንም እንደ እሷ ይጥለኛል ይላል። አጥሩ ይዘጋ። ከእንግዲህ ማንም አይግባ። ዛፉም እንደፈለገ ይሁን።»

«ይዘጋ» አለ አንዱ። «ይዘጋ፣ ይዘጋ» አሉ ሴቶቹ፤ ከመሀላቸው ልጆቻቸውን ከባንቺዓየሁ ጋር የላኩ እናቶች ያለቅሱ ጀመር። የኔታን የተኩትን አዲሱን ቄስ አዩአቸው። እሳቸውም «እኔ ያላሰርሁትን ምን ብዬ ልፍታ?» ብለው አንገታቸውን ደፉ።

ያን ጊዜ ልቆም ጉልበቴን አነሣሁ። በማርያም ተይዣለሁ፤ ይሁን፣ ንስሐ እገባለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። አፌን ሳልከፍት ግን እማማ ጥሩነሽ እጃቸውን መሬት ላይ ተክለው ሲነሡ አየሁ። ማስተዋል ልትደግፋቸው ስትል በእጃቸው መለሷት። መጀመሪያ ልጃቸውን አዩ፣ ማስተዋልን። ቀጥሎ አማች ሊሆኑ የመጡትን አዛውንት አዩ። ምን እየመዘኑ እንደሆነ አወቅሁ።

«ስሙኝ» አሉ። «ልጄን ግዝት አልገደላትም። ልጄ የልብ ሕመም ነበረባት።»

ድንኳኑን ሁሉ በዐይናቸው ዞሩትና ቀጠሉ።

«ከልጅነቷ ጀምሮ። እናንተ ስትስቁባት፣ ዳገት ላይ ወፍ ስታሳያችሁ፣ ታማ ነበር። ልናገር አለችኝ። በጡቴ ይዤ አፏን የዘጋሁት እኔ ነኝ። የሺ ታውቃለች።»

ሁሉም ወደኔ ዞረ። «እውነት ነው» አልሁ። «በየወሩ መርፌ ስትወጋ የማደርሳት እኔ ነኝ። ኮሶው ከመሰንጠቁ፣ ባሕር ዛፉም ከመቆረጡ በፊት ጀምሮ ታማ ነበር።»

አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የልብ ሕመም?» አሉ ቀስ ብለው። «የዘር ነው?»

«የዘር አይደለም፣ አባባ። ከጉሮሮ ሕመም የመጣ ነው» አልሁ። ይስሙኝ አይስሙኝ እንጃ። ከዘመዶቻቸው ጋር ተያዩና ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ማስተዋል ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

እማማ ጥሩነሽ ይህን ሁሉ እያዩ ነበር። «ያሻችሁን አስቡ» አሉ። «በሕይወቷ ደብቄ አኖርኋት። ሞታስ አልደብቃትም።»

አቶ ይበልጣል ከቆመበት አልተነቃነቀም። ሊቀ መንበርነቱም ትልቅነቱም ጠፍቶ «ጥሩነሽ» አላቸው፣ በልጅነታቸው ይጠራቸው እንደነበረው፣ «እንግዲያው ልጄ ምንም አይሆንም?»

«ልጅህ ደኅና ነው» አሉት። «እህል አብላውና ማጭዱን መልስለት። ባንቺዬ ያልጨረሰችው አለ።»

አቶ ይበልጣል ጋቢውን እዚያው አግዳሚው ላይ ትቶ ወጣ። ገና ቤቱ ሳይደርስ፣ ከመንገድ ላይ ጀምሮ፣ የልጁን ስም እየጮኸ ሲጣራ ድንኳኑ ውስጥ ሆነን ሰማነው።